ጓዳና ዜግነት በአሜሪካ

ለአሜሪካ ዜግነት የሚያመለክት ሰው ኤን-400 የተባለውን ፎርም ሲሞላ፣ ስለ ግብር፣ ስለ እስርና ስለ ጉዞ ከሚጠየቀው መካከል ለየት ያሉ ጥያቄዎች ይገጥሙታል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የትዳር ጓደኛ ኖሮዎት ያውቃል? በሴተኛ አዳሪነት ተሠማርተው ያውቃሉ? በሜሪላንድም ሆነ በሚኒሶታ የሚኖር ወገናችን ፈገግ ብሎ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርግና ያልፋል። ጥያቄዎቹ ግን በዘፈቀደ የገቡ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ከ1891፣ ሁለተኛው ከ1875 የኢሚግሬሽን ሕግ የተወረሱ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የነጻነት ጉዞ ነው፤ በ1969 በኒውዮርኩ ስቶንዎል መጠጥ ቤት ከተነሣው ዐመፅ ይጀምርና በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ጋብቻ በሰጠው ውሳኔ ያበቃል። ሁለተኛው የወግ አጥባቂዎች ነው፤ መንግሥት ድሮ ከሰው ጓዳ ርቆ ይኖር ነበር፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ቤተሰብን ሊያፈርስ ገባ ይላል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተጻፉት ጥሩ ጥሩ የታሪክ መጻሕፍት ሁለቱንም አይቀበሉም። ናንሲ ኮት በ2000 ባሳተመችው ሥራ ጋብቻ ከአገሪቱ ምሥረታ ጀምሮ የመንግሥት ጉዳይ እንደነበር አሳየች። ማርጎት ካናዴይ በ2009 ባወጣችው መጽሐፍ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በተስፋፋ ቁጥር ሰውን በፆታዊ ሕይወቱ መመደብን አብሮ እንደተማረ ከመዝገብ ቤት ሰነዶች አውጥታ አስረዳች። እኔም የማደላው ወደዚህ ነው። የወንጀል ሕጉን ብቻ የሚከታተል አንባቢ ዋናውን ነገር ይስታል፤ ፖሊስ የሰው በር የሚሰብረው አልፎ አልፎ ነው። መንግሥት በሰው ጓዳ ላይ ያለው ትልቁ ሥልጣን ያረፈው አንድ ነገር በሚያድልበት መስኮት ላይ ነው፤ ቪዛ፣ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ድጎማ በሚሰጥበት።

ከዚህ መስኮት መጀመሪያ የተመለሱት ሴቶች ናቸው። በ1875 የወጣውና ፔጅ አክት የሚባለው ሕግ ከቻይና፣ ከጃፓንና ከሌሎች የምሥራቅ አገሮች ለሴተኛ አዳሪነት የሚመጡ ሴቶች እንዳይገቡ ከለከለ። በተግባር ግን ሆንግ ኮንግ የነበረው የአሜሪካ ቆንስላ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ልትሳፈር የመጣችውን ቻይናዊት ሁሉ በጥርጣሬ ይመረምር ስለነበር፣ ባሏ ዘንድ የምትሄደዋም ሚስት መንገዱ ዳገት ሆነባት። ይህ የሆነው ቻይናውያን ወንድ ሠራተኞች ከመታገዳቸው ሰባት ዓመት በፊት ነው። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአሜሪካ ምድር የተወለደን ሰው ዜጋ ያደርጋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ይህ ለቻይናውያን ልጆችም እንደሚሠራ አረጋግጧል። እናት ካልገባች ዜጋ አይወለድም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አስልተውት ይሁን አይሁን፣ ውጤቱ ይኸው ነበር፤ ወንዱ ሐዲድ ይዘርጋ፣ ልብስ ይጠብ፣ ጎጆ ግን አይቀልስ።

በዚያው ዘመን በዩታ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ከአንድ በላይ ያገቡ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1879 በሬይኖልድስ ጉዳይ ይህን የሃይማኖት ነጻነት እንደማይሸፍነው ወሰነ። ውሳኔው ከአንድ በላይ ማግባት የእስያና የአፍሪካ ሕዝቦች ልማድ ነው የሚል ሐሳብ ይዟል፤ ነጭ አሜሪካውያን የሚዳኙበት ጉዳይ በሌላ ሕዝብ ስም ተፈረደ ማለት ነው። የ1882ቱ የኤድመንድስ ሕግ ብዙ ያገቡትን የመምረጥ፣ የመመረጥና ዳኞች ሸንጎ ላይ የመቀመጥ መብት ነጠቃቸው። የዩታ ሴቶች ከ1870 ጀምሮ ይመርጡ ነበር፤ ኮንግረስ በ1887 ያን መብት ከሁሉም ሴቶች ወሰደ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1890 ልማዱን እንደምታቆም ካወጀች በኋላ፣ ዩታ በ1896 የኅብረቱ አባል ክፍለ ግዛት ሆነች። አንድ ክልል በሙሉ በትዳር አያያዙ ምክንያት ደጅ ሲጠና የታየበት ታሪክ ነው።

ለተራዋ አሜሪካዊትም ዜግነት በባሏ የሚወሰን ነበር። ከ1855 ጀምሮ አሜሪካዊ ያገባች የውጭ ሴት፣ ዘሯ ከተፈቀደላቸው ከሆነ፣ ወዲያው ዜጋ ትሆናለች። በተቃራኒው የ1907ቱ ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባችውን አሜሪካዊት ዜግነቷን ገፈፋት። ካሊፎርኒያዊቷ ኤተል ማኬንዚ ከአገሯ ሳትወጣ የእንግሊዝ ዜግነት ያለው ሰው ስላገባች በመራጭነት አትመዘገቢም ተባለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1915 ፈረደባት። የ1922ቱ የኬብል ሕግ ይህን አሻሻለ፤ እስያዊ ያገባች ሴት ግን እስከ 1931 ድረስ ዜግነቷን ታጣ ነበር። ለወንድ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም።

ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ስለሚከለክሉት የክፍለ ግዛት ሕጎች የታሪክ ጸሐፊዋ ፔጊ ፓስኮ ሰፋ አድርጋ ጽፋለች፤ እነዚያ ሕጎች የሚሠሩት ከሸሪፉ ይልቅ በጋብቻ ፈቃድ ጸሐፊው እጅ ነበር የምትለው ለኔ ክርክር ይጠቅመኛል። የ1910ሩ የማን ሕግ ሴቶችን ለዝሙት ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማጓጓዝን ለመከልከል ወጥቶ፣ ጥቁሩን የቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰንን ከነጭ ሴት ጋር በመወዳጀቱ ለመክሰስ ዋለ። ጆንሰን ምሕረት ያገኘው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2018 ነው። በ1927 በበክ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቨርጂኒያ አንዲትን ወጣት ያለ ፈቃዷ እንድታመክን ፈቀደ፤ በመላ አገሪቱ በእንዲህ ያሉ ሕጎች ከ60,000 በላይ ሰዎች መክነዋል። ይህ ራሱን የቻለ ዳሰሳ ስለሚፈልግ አልፈዋለሁ።

ታሪኩ የሚጠጥረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጆርጅ ቾንሲ በ1994 ስለ ኒውዮርክ በጻፈው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ከ1930ዎቹ በፊት በዚያች ከተማ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ኋላ ከምናስበው ይልቅ በግላጭ ይታዩ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በዚያን ጊዜ ስለነሱ የነበረው እውቀት ጭላንጭል ነው። ጦርነቱ ሚሊዮኖችን በአንድ መዝገብ አስገባ። ወታደሩ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት አለው ተብሎ ሲጠረጠር፣ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በሰማያዊ ወረቀት በተጻፈ ስንብት ይባረር ነበር። ወረቀቱ የክብር ስንብት አይልም፤ የውርደትም አይልም። በ1944 ኮንግረስ ለተመላሽ ወታደሮች የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት ብድርና የሥራ አጥ ድጎማ የሚሰጠውን ጂ አይ ቢል ሲያወጣ፣ በውርደት የተሰናበተ ብቻ እንዲገለል ነበር የወሰነው። የተመላሽ ወታደሮች አስተዳደር ግን በ1945 በመመሪያ፣ በግብረ ሥጋ ምክንያት ሰማያዊ ወረቀት የያዘውም አይሰጠው አለ። ሰማያዊው ወረቀት ጥቁር ወታደሮችንም ከቁጥራቸው በላይ መትቷቸዋል።

የካናዴይ መጽሐፍ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ጂ አይ ቢል የአሜሪካን መካከለኛ መደብ የፈጠረ ሕግ ነው፤ ባለቤትና ባለ ቤት ያደረገ። በዚያው ወረቀት ማን መካከለኛ መደብ እንደማይሆን ተወሰነ። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተገረፈም፤ አንድ ጸሐፊ የወረቀቱን ቀለም አይቶ ፋይሉን መለሰ። በሷ ላይ ያለኝ ቅሬታ፣ የዋሽንግተንን ቢሮዎች ስትከታተል የቀበሌውን ቄስ፣ የአካባቢውን ፖሊስና ሐኪሙን እጅግ ማራቋ ነው። ቢሮው ቋንቋውን ከየት ተማረ? ከሐኪሞቹ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን ከሕመም ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው።

በየካቲት 1950 ሴናተር ጆ ማካርቲ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኮሚኒስቶች ተሰግስገዋል ብሎ አገር ሲያምስ፣ የመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጆን ፒውሪፎይ ለሴኔት ኮሚቴ ቀርቦ አንድ ነገር አመለጠው፤ ለደኅንነት አስጊ ተብለው ከለቀቁት መካከል 91ዱ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተጠረጠሩ ናቸው አለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ከኮሚኒስቶቹ በለጠ። በሴናተር ክላይድ ሆይ የተመራ ኮሚቴ ምርመራ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባወጣው ሪፖርትም እነዚህ ሰዎች ምስጢራቸው እንዳይወጣ ፈርተው ለጠላት ሰላይ ይታዘዛሉ ሲል ደመደመ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አገሩን የከዳ ሬድል የተባለ የኦስትሪያ መኮንን ታሪክ ነበር። አሜሪካዊ ምሳሌ አላገኘም። ዴቪድ ጆንሰን በ2004 በጻፈው መጽሐፍ እንደሚለው ይህ የማካርቲ ዘመን ጭራ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው፤ ማካርቲ ከወደቀ በኋላም ቀጥሏል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሚያዝያ 1953 የፈረሙት 10450 ቁጥር ትእዛዝ «የፆታ ጠማማነት»ን ከመንግሥት ሥራ ማባረሪያ ምክንያቶች አንዱ አደረገው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። አብዛኞቹ ቤተሰባቸው እንዳይሰማ ብለው በፈቃዳቸው የለቀቁ መስለው ስለወጡ ቁጥራቸው በትክክል ተቆጥሮ አያልቅም።

ከተባረሩት አንዱ ፍራንክ ካሜኒ ነበር። ከሃርቫርድ በሥነ ፈለክ ዶክትሬት አግኝቶ በሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ሶቪየት ስፑትኒክን ባመጠቀችበት በ1957 ተባረረ። አሜሪካ ጠፈር ለመድረስ ሰው በምትፈልግበት ሰዓት ከዋክብት አዋቂዋን ማባረሯ ራሱ ብዙ ይናገራል። ካሜኒ እንደሌሎቹ ዝም ብሎ አልሄደም። አቤቱታውን ራሱ ጽፎ በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ አልተቀበሉትም። በ1965 ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርጎ በኋይት ሐውስ ፊት ሰልፍ ወጣ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ሥራ የሚገባው መስሎ ይታይ የሚል ነበር አስተሳሰቡ። የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ እገዳውን በ1975 አነሣ፤ መንግሥት በ2009 በይፋ ይቅርታ ጠየቀው። የካሜኒ ክርክር የመኝታ ነጻነት ክርክር ብቻ አልነበረም። ግብር እከፍላለሁ፣ ጦር ሜዳ ዘምቻለሁ፣ ዜጋ ነኝ የሚል ነበር።

ዜጋ ያልሆነስ? ክላይቭ ቡቲየር የተባለ ካናዳዊ በ1955 ወደ ኒውዮርክ መጣ፤ ሠርቶ ይኖር ነበር። በ1963 ዜግነት ሲያመለክት ከአራት ዓመት በፊት በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ተከስሶ እንደነበር፣ ክሱም እንደተሠረዘ፣ በቅንነት ተናገረ። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ «ሳይኮፓቲክ ሰብዕና» ያላቸውን ይከለክል ነበርና ቢሮው በዚያ ቃል አሠረው። ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሰውየው እንዲህ ያለ ሕመም የለበትም ብለው ጻፉለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃሉ የሕክምና ሳይሆን የኮንግረስ ነው ብሎ በ6 ለ3 ድምፅ እንዲባረር ፈረደ። ውሳኔው የተሰጠው በግንቦት 1967 ነው። ያው ፍርድ ቤት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሰኔ፣ በላቪንግ ጉዳይ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን የ16 ክፍለ ግዛቶች ሕጎች በሙሉ ድምፅ ሻረ። ጋብቻ የዜጋ መብት ነው ያለው ፍርድ ቤትና ሐቁን የተናገረውን ሰው ከአገር ያስወጣው ፍርድ ቤት አንድ ናቸው፤ ዳኞቹም ያው። ሁለተኛውን ፍርድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ብዙ ነው፣ የመጀመሪያውን ግን የሕግ ተማሪ እንኳ ሲያጠና እምብዛም አይታይም። የቡቲየር እገዳ ከሕጉ የወጣው በ1990 ነው።

ድጎማ በሚሰጥበት መስኮትም የሚጠየቀው ይኸው ነበር። አላባማ ከወንድ ጋር የምትቀራረብ ድሃ እናት ለልጆቿ የሚሰጠውን እርዳታ እንድታጣ ትወስን ነበር፤ ወንዱ ልጆቹን ባይወልድም፣ ባይጦርም፣ በሌሊት ይመጣል መባሉ ብቻ በቂ ነበር። በሌሎችም ክፍለ ግዛቶች የድጎማ ሠራተኞች በእኩለ ሌሊት እየመጡ አልጋ ሥር ሳይቀር ይፈትሹ ነበር። አብዛኞቹ የተጎዱት ጥቁር ሴቶች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 በኪንግ ጉዳይ ይህን አገደ። ስለ ግለሰብ ነጻነት ሲወራ የምንሰማው ባለትዳሮች የወሊድ መከላከያ እንዲጠቀሙ የፈቀደውን የ1965ቱን የግሪስወልድ ውሳኔ ነው። የድሃይቱ ቤት ያኔም በባለሥልጣን ፍተሻ ሥር ነበር። ጓዳ ሊከበር የሚችለው መጀመሪያ የራስ ጓዳ ሲኖር ይመስላል።

ሮበርት ሰልፍ በ2012 በጻፈው መጽሐፍ ከዚህ በኋላ ያለውን ፖለቲካ በአንድ ክር ያስረዳል። ከሩዝቬልት ጀምሮ የሊበራሎቹ ፖሊሲ የተገነባው ቤተሰቡን በሚያስተዳድር ወንድ ላይ ነበር፤ ሴቶች፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ድሃ እናቶች ያንን ምሰሶ ሲገፉት ወግ አጥባቂዎች «ቤተሰብ ይጠበቅ» ብለው ምሰሶውን ወረሱት። ከነሱ አንዷ ፊሊስ ሽላፍሊ የሴቶች እኩልነት ማሻሻያውን ያስቆመችው፣ ዘፋኟ አኒታ ብራያንት በ1977 ማያሚ አካባቢ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ተቃውማ ያሸነፈችው በዚህ መፈክር ነው። የሰልፍ ክር ለኔ ከመጠን በላይ የቀጠነ ነው። በ1978 ካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መምህራን ይባረሩ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ ከተቃወሙት መካከል ሮናልድ ሬገን አሉበት። ሰዎች በምርጫ ሳጥን ፊት እንደ መጽሐፍ አይሰለፉም።

ኤድስ ሲመጣ የድንበሩ መስኮት እንደገና ጠበበ። ከ1987 ጀምሮ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት የውጭ ሰው እንዳይገባ ተከለከለ፤ ኮንግረስ በ1993 ይህን በሕግ አጸናው። በዚያን ወቅት ከመፈንቅለ መንግሥት የሸሹ ከ200 በላይ ሄይቲያውያን ጥገኝነት ይገባቸዋል ተብሎ ሳለ፣ በቫይረሱ ምክንያት በጓንታናሞ ካምፕ ታጉረው ነበር፤ የተፈቱት በሰኔ 1993 በዳኛ ትእዛዝ ነው። እገዳው እስከ ጥር 2010 ቆየ። ይህ ለእኛ ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ዲቪ የደረሰው ሁሉ 15 ዓመት ከሞላው ለሕክምና ምርመራ ሲቀርብ ለኤች አይ ቪ ምርመራም ደም ይሰጥ ነበር፤ ውጤቱ ካላማረ ሎተሪው ከነተስፋው ቀረ። ሕጉ ቀዳዳ ነበረው፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ላለው ሰው ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። በዕጣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ያ ዘመድ ከየት ይመጣለታል? እዚህም የሚያስገባው ትዳርና ሥጋ ዝምድና ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ትግል በትዳር ላይ መሆኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ አይደንቅም። በ1975 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ ለሪቻርድ አዳምስና ለአውስትራሊያዊ ጓደኛው ለቶኒ ሱሊቫን የጋብቻ ፈቃድ ሰጠቻቸው። አዳምስ ለጓደኛው ግሪን ካርድ ሲጠይቅ የኢሚግሬሽን ቢሮው ስድብ ያለበት ደብዳቤ መለሰላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1982 ፈረደባቸው። በ1996 ኮንግረስ በፌዴራል ሕግ ዘንድ ትዳር የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚለውን ሕግ አወጣ። ኋላ የመንግሥቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሲቆጥር በጋብቻ ላይ የተመሠረቱ የፌዴራል ድንጋጌዎች 1,138 ሆኑ። ኤዲት ዊንድሰር የትዳር ጓደኛዋ ስትሞት 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ተጠየቀች፤ ወንድ አግብታ ቢሆን አትከፍልም ነበር። በ2013 አሸነፈች። ጂም ኦበርገፌል ፍርድ ቤት የሄደው በሟች ባሉ የሞት የምስክር ወረቀት ላይ ስሙ እንዲጻፍ ነው፤ በሰኔ 2015 በ5 ለ4 ፈረዱለት። ሱሊቫን ግሪን ካርዱን ያገኘው በ2016፣ አዳምስ ካረፈ ከሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሚስቱ እንደሞተችበት ባል ተቆጥሮ ነው።

ድሉ እውነተኛ ነው፤ ለማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን መስኮቱ የሚጠይቀውን ወረቀት ብዙ ሰው እንዲይዝ አደረገ እንጂ ጥያቄውን አላነሣም። በትዳር አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ይህን ከሁሉም በላይ ያውቃል። ከ1986 ጀምሮ ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው የሚያገኘው የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ ከዚያ የጋራ ባንክ ሒሳብ፣ የጋራ ኪራይ ውል፣ የሠርግ ፎቶ ይዞ እውነት መሆኑን ያስረዳል። ጥርጣሬ ካለ ባልና ሚስት ለየብቻ ተጠርተው ማን በየትኛው የአልጋ ጎን እንደሚተኛ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሁለት ጓደኛሞች፣ እህትና ወንድም፣ አብሮ ያደገ ሰው ምንም ያህል ቢተሳሰቡ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ አይቀርብላቸውም፤ ሕጉ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ውስጥ ጋብቻን የተቃወሙት የግራ ዘመም ጸሐፊዎች ይህን ቀድመው ተናግረዋል፤ ብዙም አልተሰሙም።

በሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን የፅንስ ማስወረድ መብት በዶብስ ውሳኔ ሲሽር፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ግሪስወልድና ኦበርገፌል እንደገና ይታዩ ብለው ጻፉ። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንዱ ክፍለ ግዛት የሌላውን ጋብቻ እንዲያከብር የሚያስገድድ ሕግ ቢያወጣም፣ ክፍለ ግዛቶቹ ራሳቸው ፈቃድ እንዲሰጡ አያስገድድም፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ደግሞ የድሮው ክልከላ ከመጽሐፋቸው አልተፋቀም። በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የፌዴራሉ መንግሥት ሁለት ጾታ ብቻ እንዲያውቅ አዘዙ፤ ፓስፖርት ሲወሰድ የሚጻፈው ጾታ ሲወለዱ የተመዘገበው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በዚያው ቀን በሌላ ትእዛዝ እናቱ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ የምትኖር፣ አባቱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ልጅ በውልደት ዜጋ እንዳይሆን አሉ፤ የበታች ፍርድ ቤቶች በዚያው ዓመት ይህን አገዱት። በ2015 ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ፈቃድ አልጽፍም ብላ የታሰረችው የኬንታኪዋ የካውንቲ ጸሐፊ ኪም ዴቪስም ኦበርገፌል እንዲሻር አቤት ብላ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2025 ጉዳዩን ሳይመለከተው ቀርቷል።